እሁድ እቆርባለሁ ያልኩ ለት

እግዚአብሔር የት ነው የሚኖረው ብላችሁ በሰሊጥ አጨዳ ወራት መተማ ላይ ብትጠይቁ፣ ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ ደጋ ይቀስርላችኋል። እውነቴን ነው። ከጎጃምና ከወሎ ለአጨዳ የሚወርደው ሠራተኛ ከአይሱዙ እንደወረደ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ወደመጣበት ዞሮ ማማተብ ነው፤ ታቦቱም፣ ጠበሉም፣ እናቱም የቀሩት እዚያ ነዋ። ከዚያ ሸሚዙን አውልቆ ትከሻው ላይ ጣል ያደርግና «እንግዲህ እስክንመለስ አደራህን» ይላል። እስክንመለስ ማለቱን ልብ በሉልኝ። ይህን ወበቅና ይህን ቢምቢ ችሎ ፈጣሪ ራሱ ከእኛ ጋር ቆላ ይከርማል ብሎ የሚጠረጥር የለም።

በእነሱ ለመሳቅ ግን መብት የለኝም። እኔ፣ ዮሴፍ፣ ካቶሊክ ነኝ። መተማ ዮሐንስ ላይ ካቶሊክ መሆን ምን እንደሚመስል ላስረዳችሁ፤ ሰው «ሃይማኖትህ ምንድን ነው?» ሲላችሁ «ካቶሊክ» ትላላችሁ፤ ሰውየው በትዕግሥት ይሰማችሁና «እሱስ ይሁን፤ ግን ኦርቶዶክስ ነህ ወይስ ጴንጤ?» ይላችኋል። እምድብር አካባቢ ሳድግ የቤተ ክርስቲያናችን ደወል የእናቴን ድስት እያንቀጠቀጠ ነበር የሚቀሰቅሰን። ጌታ በቅዱስ ቁርባኑ ውስጥ በእውነት አለ፣ መብራቷ ከማትጠፋው ከዚያች ትንሽ ሣጥን ውስጥ ይጠብቃችኋል ብለው አስተምረውን፣ እኔም አምኜ፣ ሣጥኗን በቅርብ እያየሁ አድጌያለሁ። በኋላ የትራክተር መካኒክ ሆንኩና እንጀራዬ እዚህ ጠረፍ ጣለኝ። ቅርብ የምትባለው ሣጥን ጎንደር ቀረች። መንገዱ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል፤ ሲከፈት ትራክተር ይሰበራል፤ ትራክተሩ ሲጠገን መንገዱ ይዘጋል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሳልቆርብ ዓመት አለፈኝ። ባጭሩ እግዚአብሔርን በኪሎ ሜትር መለካት ጀመርኩ።

ባኺታን ያገኘኋት በዚያ ሰሞን ነው። ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ሲነሳ በገላባት በኩል በእግሯ ተሻግራ የመጣች፣ ባሏን ቀደም ሲል በሕመም ያጣች ሴት ናት። ከጋራዣችን ፊት ለፊት በቆርቆሮ ጥላ ሥር ሻይ ትሸጣለች። አንድ ቀን በስኳር ጣሳዋ ላይ መቁጠሪያ ተጠምጥሞ አየሁ። ዓይኔን አላመንኩም። ሮጬ ጋራዥ ገባሁ፤ ከካቻቢቴና ከፒንሳ መሀል የራሴን ግራሶ የጠጣ መቁጠሪያ አወጣሁና እንደ መታወቂያ አሳየኋት። የእሷ አማርኛ ያኔ «ስኳር ይብዛ?» ከሚለው አያልፍም፤ የእኔም ዓረብኛ የጋራዥ ዓረብኛ ነው። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ሲቀዘቅዝ እሷ በዓረብኛ፣ እኔ በአማርኛ እመቤታችንን እንማጸን ጀመር። ቋንቋችን ባይገናኝም ጣቶቻችን እኩል ይደርሱ ነበር።

ስለ ባኺታ አንድ ነገር ልጨምር፤ በኋላ ይጠቅመናል። ሻይ ስታዟት የምትመልሰው አንድ ቃል ነው፤ «ሃዲር»። ውሃ ስትጠይቋት ሃዲር። ወንበር ስትፈልጉ ሃዲር። በእኔ የጋራዥ ዓረብኛ ትርጉሙ «እሺ፣ መጣሁ» ነበር፤ ከዚያ አልፌ አልመረመርኩትም። ሻይ እስከመጣ ድረስ ሰዋስው የሚመረምር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ታዲያ በጥቅምት ወር መንገዱ ሲከፈት ጎንደር ላሉት አባ ደወልኩላቸው። መጥተው ቢቀድሱልን ብዬ ለመንኩ። አባ ደስ አላቸው፤ ግን ሰውየው አንድ፣ የሚያዳርሱት አገር ብዙ ነውና ስንት እንደሆንን ጠየቁኝ። ሁለት ነን አልኳቸው። ስልኩ ዝም አለ። ኔትወርክ ሄደ ብዬ ልዘጋ ስል፣ እሺ፣ በመጪው እሁድ እመጣለሁ፤ ከዚያ ወዲያ መመላለሱ የሚያስኬድ እንደሆነ ያኔ አይተን እንወስናለን አሉ። በደስታ የምሆነውን አጣሁ። አንድ የማሲ ፈርጉሰን ትራክተር ሞተር ፈትቼ ስገጥም ሦስት ብሎን ተረፈኝ፤ ሞተሩ ግን ተነሣ። በዚያ ቀን የማይነሳ ነገር አልነበረም።

ደስታ ደግሞ አፍ አያስዘጋም። ቤት ስገባ አከራዬ እትዬ ዘውዴ በረንዳቸው ላይ ሰሊጥ ያበጥራሉ። ምን አገኘህ፣ ፊትህ በርቷል አሉኝ።

«እሁድ እቆርባለሁ» አልኳቸው።

ሰፌዱን አስቀመጡት። «ከማን ጋር?»

«ከባኺታ ጋር።»

እትዬ ዘውዴ ብድግ ብለው እልልታውን አቀለጡት። ጎረቤት ሰምቶ ተቀበላቸው። እኔ ደነገጥኩ፤ ቀጥሎ ግን እንባዬ መጣ። የማርያም ማኅበርተኛ፣ ጾም የማይገድፉ ኦርቶዶክስ፣ አንድ ካቶሊክ ቆረበ ብለው እንዲህ እልል ይላሉ! የአብያተ ክርስቲያናት አንድነት እያሉ ሊቃውንቱ የሚደክሙበት ነገር እኛ ግቢ በረንዳ ላይ ተፈጸመ ብዬ አሰብኩ። በማግሥቱ ትራክተሩን የምጠግንለት ባለሀብት ጠርቶ ለቅዳሴው የሰሊጥ መጋዘኑን እንደሚሰጠኝ፣ ፍየልም እንደሚጥል ነገረኝ። ለቅዳሴ ፍየል ምን ያደርጋል? አንድነቱ ሥር እየሰደደ ነው አልኩ።

አሁን እናንተ በደንብ የገባችሁ ነገር ለእኔ አልገባኝም ነበር። በጎንደር ምድር ጎልማሳ ሰው የሚቆርበው ወይ ሲያገባ ነው፣ ወይ ሊሞት ሲል ነው። እኔ ደግሞ ጤነኛ ነበርኩ።

እሁድ ጠዋት መጋዘኑ በር ላይ ስደርስ ቀድሞ የታየኝ ቄጠማ ነው። ከቄጠማው ወዲያ ወንበር፣ ከወንበሩ ወዲያ በሰሊጥ ጆንያ ላይ የተቀመጠ አገር ምድር! የጎጃምና የወሎ ልጆች የታጠበ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ሙስሊሞቹ ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ፣ ጉምሩክ በር ላይ የሚያድሩት ሾፌሮች፣ ሁሉም። ከጓሮ በኩል የፍየል ጥብስ ይሸታል። ባለሀብቱ ትከሻዬን መታ አደረገና «ኮት እንኳ አትለብስም? የሚዜ ያለህ!» አለኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሏል ይኸው ነው።

ሣቅ የሚመጣው ዛሬ ነው፤ ያኔ ያሰብኩት ስለ ባኺታ ነው። ባኺታ ባዕድ አገር ላይ ብቻዋን ያለች ሴት ናት፤ ያላት ሀብት በራዷና ስሟ ነው። ሳትጠየቅ እንደተዳረች ብትሰማ፣ አሾፉብኝ ብላ በራዷን ጠቅልላ ትሄዳለች። እሷ ከሄደች ደግሞ አባ ለአንድ ሰው ብለው አይመላለሱም። አንድ ቃል በትክክል ባለመናገሬ ብቸኛ የእምነት እህቴንም፣ ዓመት የጓጓሁለትን ቁርባንም በአንድ ጠዋት ላጣ ነው። ሮጬ መንገድ ላይ ልያዛት ብዬ ዞር ስል ባኺታ ከበር ቆማለች። ለቅዳሴ ክብር ብላ የሱዳን ሴቶች የሚለብሱትን ነጭ ቶብ ከራስ እስከ እግሯ ተከናንባለች። አቤት እልልታ! ቆርቆሮው ሊነሣ ምንም አልቀረው። እሷ ሰው ሁሉ ለቅዳሴ የመጣ መስሏት በደስታ ግራ ቀኝ እጅ ትነሣለች። የአባም መኪና በዚሁ መሀል ቆመ።

እትዬ ዘውዴ መስቀል ተሳልመው ሲያበቁ፣ ሙሽሮቹ ንስሐ ገብተው እንደሆነ አባን ጠየቋቸው። አባ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ያለኝን እየተንተባተብኩ በጆሯቸው ነገርኳቸው። ጢማቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ተቆጥተው ይሁን ስቀው መለየት አልቻልኩም። ከዚያ ነጭ ልብሰ ተክህኗቸውን ለበሱ፤ የትራክተር ባትሪ የሚቀመጥበትን ጠረጴዛ ነጭ ጨርቅ አልብሰው ቅዳሴውን ጀመሩ። በግዕዝ ነው የሚቀድሱት፤ ሕዝቡ ዜማውን ሲሰማ እየተገረመ መቀበል ጀመረ። እኔ ግን ስብከቱን ነበር የምፈራው።

አባ ቆመው ሕዝቡን አዩ። «ሰርግ ብላችሁ መጥታችኋል» አሉ። «አልተሳሳታችሁም፤ ሰርግ ነው። የተሳሳታችሁት ሙሽራውን ነው።»

አባ በቀስታ አስረዱ። ዮሴፍና ባኺታ ዛሬ እርስ በርሳቸው አይጋቡም፤ ሁለቱም የተጠሩት ወደ ሌላ ሙሽራ ማዕድ ነው፤ ያ ሙሽራ ደግሞ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ በቁራሽ ኅብስት ይመጣል አሉ። ይህንኑ ለባኺታ በዓረብኛ ደገሙላት። ለካ አባ በወጣትነታቸው ሱዳን አገልግለው ኖሯል! የባኺታን ፊት ለማየት አልደፈርኩም፤ መሬት መሬት አየሁ። ከኋላዬ ግን ሣቅ ሰማሁ። የባኺታ ሣቅ ነበር፤ ቶቧን አፏ ላይ ይዛ ትስቃለች። ያን ጊዜ መጋዘኑ በሙሉ አብሯት ሳቀ፤ በእሷ ሳይሆን ከእሷ ጋር።

የመቁረቡ ሰዓት ሲደርስ ሁለታችን ወጣን። እሷ ቀደመች። አባ ኅብስቱን ከፍ አድርገው «የክርስቶስ ሥጋ» አሏት። መልሱ አሜን ነው፤ እሷም ከሕፃንነቷ ታውቀዋለች። ግን ከደስታዋ ብዛት ይሁን፣ ቀኑን ሙሉ ከምትለው የተነሣ፣ ያመለጣት ሌላ ቃል ነው።

«ሃዲር» አለች።

አባ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። እኔም ከኋላዋ ቆርቤ ተንበረከክሁ፤ ዓመት ሙሉ የተራበ ሰው እንዴት እንደሚያለቅስ ለማየት የፈለገ ያን ቀን አይቶኛል። ከቅዳሴው በኋላ አባን ቀስ ብዬ፣ «እሺ መጣሁ» ማለቷ ለምን እንዲህ አስለቀሰዎት አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሃዲር እሺ ብቻ አይደለም» አሉኝ። «አስተማሪ ስም ሲጠራ ተማሪው የሚመልሰው ነው። ‹አለሁ፣ እዚሁ ነኝ› ማለት ነው።»

እዚያው ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። አስቡት እንግዲህ። ዓመቱን ሙሉ እግዚአብሔር ጎንደር ነው፣ መንገድ ዝግ ነው እያልኩ ሳለቅስ፣ በቀን በቀን ከቆርቆሮ ጥላ ሥር «አለሁ፣ እዚሁ ነኝ» እየተባልኩ ነበር፤ እኔ ደግሞ ስኳር ይብዛልኝ እያልኩ! ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ተነሥቼ የጎጃሙንም የወሎውንም ልጅ፣ ባለሀብቱንም ሾፌሩንም አቀፍኩ። ደግሞም የታረደ ፍየል ተመልሶ አይነሣምና ተበላ፤ ተጨፈረም። አባ መኪናቸው ውስጥ ገብተው በመስኮት ጠሩኝና፣ ሁለት ነን ብለህ ዋሸኸኝ፣ ይህን ሁሉ ሰው ትቼ የት እቀራለሁ ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ መንገድ በተከፈተ ቁጥር ይመጣሉ።

ነገሩ እዚህ ያበቃ ነበር፤ የመተማ ሰው ግን አንዴ የዳረውን አይፈታም። «የሱዳኗ እንዴት ናት?» ይሉኛል። እሷን «ባልሽ ትራክተሬን መች ይጨርሳል?» ይሏታል። መጀመሪያ እናርማቸው ነበር። በኋላ ሰለቸን። ከዚያ በኋላ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ባናርማቸው ደስ ይለኝ ጀመር። በዓመቱ አጨዳ ሲደርስ አንድ ጠዋት ሻዬን ይዤ፣ ላቤን እየጠረግሁ፣ ታገቢኛለሽ ወይ አልኳት። ባኺታ አማርኛዋ ጎልብቷል፤ ጎንደርኛም ሁኗል።

«ኸረ አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነው» አለችኝ። «አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው።»

እሁድ ልንቆርብ ነው ብለን ቤት ለቤት ዞርን። ባለሀብቱ መጋዘኑን ሰጠን፤ ፍየሉን ግን አምና በልተነዋል አለ። ሌላውም እንደዚያው፤ አንድ ሰርግ ሁለት ጊዜ አይጠራም፣ ሰሊጡ እየረገፈ ነው ብሎ ወደ ማሳው ሄደ። በሰርጌ ለት ባዶ ወንበር ሞልቶ፣ እኔ ኮት ለብሼ፣ ባኺታ ያንኑ ነጭ ቶብ ተከናንባ፣ አባ ልብሰ ተክህኗቸውን እየለበሱ ሳለ እትዬ ዘውዴ ጃንጥላቸውን ይዘው ገቡ። ኮቴን አዩት፤ አባን አዩ፤ በጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ነጭ ጨርቅ አዩ። እኚህ ሴት የአምናውን ስብከት አልረሱም።

«ኸረ ግራ አታጋቡኝ» አሉ። «የዛሬው ሙሽራ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ ዘውዴ።»

«ያኛውስ? የአምናው?»

እኔ የምመልሰውን ሳስብ፣ ባኺታ ወንበር አቀረበችላቸው።

«ሃዲር» አለች።