ጋሼ ሰብሐት የበየዱት ዳሽቦርድ

መርካቶ ውስጥ የተበላሸ ዕቃ የሚሠራ ሰው ሞልቷል። በየሰፈሩ አንድ ብቻ የሚገኘው ያልተለመነው ጠጋኝ ነው። ይህ ሰው ዕቃህ መበላሸቱን ካንተ ቀድሞ ይሰማል። "ጋራዥ ውሰደው" ያለውን ሁሉ እንደ ተሳዳቢ ይቆጥራል። ለመፍታት ይቸኩላል፣ ለመግጠም አይቸኩልም። ሲጨርስ መዳፉ ላይ ሁለት ብሎን ይተርፋል፤ "ፋብሪካው ያበዛው ነው" ብሎ ኪሱ ይከታል።

በአማኑኤል ሰፈር ይህን ማዕረግ የያዙት ጋሼ ሰብሐት ነበሩ። መደበኛ ሥራቸው ሚዛን መጠገን ነው። እህል በረንዳ ውስጥ ጤፍ የሚመዝን ባለመርፌ ሚዛን መዋሸት ሲጀምር የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ፤ በዚህ ማንም አይወዳደራቸውም። ችግሩ በዓለም ላይ መርፌ ያለው ነገር ሁሉ ሚዛን ነው ብለው ማመናቸው ነው። "መርፌ መርፌ ነው" ይላሉ፤ ክርክሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

በዚህ እምነት የእድሩን የግድግዳ ሰዓት ፈቱ። ከዚያ ወዲህ ሰዓቱ በቀን ሁለቴ ብቻ ነው እውነት የሚናገረው። የነርስ ሠርኬን የደም ግፊት መለኪያም ጠገኑ። ለሁለት ወር ያህል በሰፈሩ ግፊት ያለበት ሰው ጠፋ፤ ጨው የተከለከሉ አዛውንቶች ሁሉ ወደ ቋንጣቸው ተመለሱ። ሠርኬ አዲስ መለኪያ ገዝታ ደበቀችው።

የሚኒባስ ሾፌሩ አሸብር እኚህ ሰው ባሉበት ግቢ ተከራይቶ መኖሩን እንደ ፈተና ይቆጥረው ነበር። እሱም ቢሆን ከነቀፋ አያመልጥም። ነዳጅ እንደ መድኃኒት በጥቂት በጥቂቱ የሚቀዳ፣ ከመርካቶ ፒያሳ ሲመላለስ ተሳፋሪ አስወርዶ የሚያስገፋ ሰው ነበር። "የአሸብር ታክሲ ከገባህ ጫማህን አጥብቀህ እሰር" ይባል ነበር።

ሚሌኒየሙ በተከበረ በዓመቱ፣ መብራት በፈረቃ በሆነበት ሰሞን፣ የሚኒባሱ ዳሽቦርድ ሞተ። የፍጥነቱ፣ የሙቀቱ፣ የነዳጁ መርፌዎች ሁሉ ተጋደሙ። መጀመሪያ በቡጢ ሲመታው ይነቃ ነበር። አርብ ዕለት ቡጢውንም ናቀ። ሰኞ ደግሞ የዓመቱ የቦሎ ምርመራ ነው። ምርመራውን ካላለፈ መኪናው ይቆማል፣ መኪናው ከቆመ ቤቱ ይቆማል። ባለቤቱ ሎዛ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች።

አሸብር ይህን ለማንም አልተናገረም። ቅዳሜ ጠዋት በሩን ሲከፍት ግን ጋሼ ሰብሐት ሁለት ካቻቪቴ ይዘው ሚኒባሱ ጎን ቆመዋል።

"መርፌ ተኝቷል አሉ" አሉት።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ኤሌክትሪክ ነው።"

"ቢሆንስ? መርፌ መርፌ ነው።"

ጋራዦቹ እስከ ረቡዕ ወረፋ ሞልቶባቸው ነበር። አሸብር ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ዳሽቦርዱ ተነቅሎ የጋሼ ሰብሐት የምግብ ጠረጴዛ ላይ ተጋደመ። መብራት የእነሱ ፈረቃ አልነበረም። ጋሼ የባለቤታቸውን የእትዬ ወሰንየለሽን ሽሮ ከከሰል ምድጃው ላይ አውርደው፣ ሚዛን የሚበይዱበትን ባለመዳብ ራስ ካውያ ፍሙ ውስጥ ቀበሩ። እትዬ ወሰንየለሽ ሽሮውን ከደኑት። አርባ ዓመት የተናገሩት እንደሚበቃ የወሰኑ ይመስላሉ።

ጋሼ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለውን አረንጓዴ ካርድ አወጡና ዳዊት በሚደግሙበት ማጉያ መነጽር ነጥብ በነጥብ ፈተሹት። ከዚያ አሸብርን ጠርተው አሳዩት። ሽቦዎቹ ካርዱን የሚይዙባቸው የብየዳ ጠብታዎች ዙሪያቸውን ተሰንጥቀዋል፤ ስንጥቁ ከፀጉር ይቀጥናል።

"መንገዱ ነው ያናወጠው። ሚዛንም በጋሪ ሲጓጓዝ እንዲህ ይሆናል" አሉ።

አሸብር አፈረ፤ ልክ ነበሩ። ጋሼ የጋለውን ካውያ በጨርቅ ጠርገው፣ ስታኞ የሚሉትን የብየዳ ሽቦ እያስነኩ፣ ሃያ ሦስቱን ስንጥቅ አንድ በአንድ አቀለጡና ደፈኑ።  ሽሮው እስኪቀዘቅዝ ጨረሱ። መኪናው ላይ ተገጥሞ ቁልፉ ሲዞር መርፌዎቹ እንደ ነቃ ሰው ብድግ አሉ። ሎዛ በበሩ ላይ ሆና እልል አለች።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ጋሼ ሰብሐት ግን ሚዛን ጠጋኝ ናቸው፤ ሚዛን ጠጋኝ መርፌ ዜሮ ላይ ሳያስተካክል ሥራ አይለቅም። የነዳጁን መርፌ ከዘንጓ ነቀሏት።

"ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"መኪናው ላይ ሰው አለ?"

"የለም።"

"ጭነት አለ?"

"የለም፤ ግን ታንከሩ ውስጥ ነዳጅ አለ እኮ።"

"ስንት?"

አሸብር አላወቀም። መርፌዋ ብድግ ስትል የት ላይ እንደቆመች ልብ አላለም ነበር።

"የማታውቀውን አትመስክር" አሉትና መርፌዋን ባዶው ላይ ተክለው በአውራ ጣታቸው ጫኗት። ሁለት ብሎንም ተረፈ።

ሰኞ ምርመራው አለፈ። አሸብር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በሐሰተኛ ምስክር የሚነዳ ሰው ሆነ። መርፌዋ ባዶ ስትል ነዳጅ እንዳለ ያውቃል፣ ስንት እንዳለ አያውቅም። ከፍርሃቱ የተነሳ ቶሎ ቶሎ መቅዳት ጀመረ። ሲሞላ እንኳ መርፌዋ ሙሉው ምልክት ላይ ሳትደርስ ትቆማለች። ተሳፋሪ መኪና መግፋት ተወ። ለጋሼ ሊነግራቸው ሁለት ጊዜ አሰበና ሁለቴም ፊታቸውን አይቶ ተወው።

በሦስተኛው ሳምንት ረፋዱ ላይ የሎዛ ምጥ መጣ። ያን ሰሞን ነዳጅ ጠፍቶ ነበር፤ ማደያው ደጅ የቆመው ሰልፍ አንድ ኪሎ ሜትር ይሆናል። መርፌዋ ባዶው ላይ ተኝታለች። እትዬ ወሰንየለሽ ሎዛን ደግፈው ከኋላ ገቡ፤ ጋሼ ማንም ሳይጠራቸው ጋቢና ተቀመጡ። አትክልት ተራ አጠገብ በጋሪና በጭነት መኪና መሃል ሲሹለከለኩ አሸብር ማደያውን አየ፣ መርፌዋን አየ፣ ከኋላው ሎዛ ስትቃትት ሰማ። ተሰልፎ ቢቆም ትወልዳለች፤ ባይቆም መንገድ ላይ ይቀራሉ። መሪውን ወደ ማደያው ዘንበል አደረገው።

ጋሼ ሰብሐት ወደ ፊት እያዩ ተናገሩ።

"ሩብ አለህ። ንዳ።"

ነዳ። ሆስፒታል ደረሱ። ሳምራዊት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ተወለደች። መኪናው በዚያው ነዳጅ ወደ ቤት መለሳቸው።

አሸብር በማግስቱ እንዴት እንዳወቁ ጠየቃቸው። ሚዛን ጠጋኝ ሚዛኑን ብቻ ሳይሆን ሻጩንም ያውቃል፤ ያንተን ጠባይ አይቼ ነው ሆን ብዬ ሩብ የደበቅኩልህ አሉት። አሸብር አመነ። ለሰፈሩ ሁሉ አወራ።

እውነቱን የነገሩት እትዬ ወሰንየለሽ ናቸው፤ ጋሼ ካረፉ በኋላ፣ በሰልስቱ።

"ሰውዬው መች አውቆ ነው ልጄ። ስህተቱ የገባው ዳሽቦርዱን በገጠመ በሦስተኛው ቀን ነው። አልተኛም። ተሳስቻለሁ ማለት ደግሞ ሞቱ ነው። ሎዛ እስክትገላገል ድረስ ጠዋት ጠዋት፣ አንተ ፊትህን ስትታጠብ፣ በነዳጅ መሙያው ቀጭን ጎማ እያስገባ ይለካልህ ነበር። ልብሱ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ መከራዬን አየሁ።"

አሸብር ያን ሚኒባስ ዛሬም ይነዳል። ባለፈው ዓመት ጋራዥ ሲገባ አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ካርዱን አገላብጦ አየና ብየዳው እንደ ፋብሪካ ነው ብሎ አደነቀ፤ የነዳጇን መርፌ ግን ማን አበላሻት አለ፤ ሊያስተካክላት እጁን ዘረጋ። አሸብር እጁን ያዘው።

አንዳንዴ ጋቢና የተቀመጠ ተሳፋሪ መርፌዋን አይቶ ይደነግጣል። ነዳጅህ አልቋል እኮ ይለዋል።

"አለ" ይላል አሸብር። "ፋብሪካው ያበዛው።"