ነቃዩ ጋሽ ዱባለ

በየሰፈሩ አንድ ነቃይ አለ። መብራት ድርግም ሲል ሌላው ሰው ሻማ ይፈልጋል፣ ስልኩን ያበራል፣ "ይቺ መብራት ደግሞ" እያለ ያጉረመርማል። ነቃይ ግን ለጨለማው ደንታ የለውም፤ ግድግዳውን እየዳበሰ በቀጥታ ወደ ሶኬቱ ነው የሚሮጠው። እሱን የሚያስፈራው የመብራት መሄድ ሳይሆን መምጣት ነው። የሄደች መብራት ማንንም አትነካም። ተመልሳ ስትመጣ ግን በቁጣ ነው፣ ያገኘችውን አቃጥላ ነው። ስለዚህ ነቃይ ሁሉንም ይነቅላል፤ ቴሌቪዥኑን፣ ፍሪጁን፣ ምድጃውን፣ እንግዳ ሆነው ሄደው ከሆነ የእርስዎን ስልክ ጭምር።

ሶዶ ውስጥ ነቃዮች ማኅበር ቢያቋቁሙ ሊቀመንበሩ ያለ ምርጫ ክቡር ጋሽ ዱባለ ይሆናሉ። መቼም ሰውየው ለዚህ የተፈጠሩ ናቸው። በመሥሪያ ቤታቸው የንብረት ክፍል ኃላፊ ሲሆኑ፣ ወንበር ፈልጎ የሄደ ሠራተኛ "ወንበርስ አለ፤ ከተቀመጥክበት ግን ይሰበራል" ተብሎ ባዶ እጁን ይመለሳል። ቤታቸው ያለው ሶፋ ከተገዛ ጀምሮ ላስቲኩ አልወለቀም። በበጋ የተቀመጠበት እንግዳ ልነሳ ሲል ላስቲኩም አብሮት ይነሳል። ሪሞቱ ላስቲክ ለብሶ በላዩ ላይ ሌላ ላስቲክ ስለደረበ፣ ድምፅ ለመጨመር ሁለት አውራ ጣት ያስፈልጋል።

ዳሞታ ተራራ ላይ ደመና የታየ ቀንማ አይጣል ነው። እሑድ ጠዋት ስብከቱ መሀል ከተራራው በኩል ጉርርር የሚል ነገር ከተሰማ፣ ጋሽ ዱባለ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አጥፈው በጎን በር ቀስ ብለው ይወጣሉ። ምእመኑ ለምዶታል፣ ዘወር ብሎ እንኳ አያያቸውም። ወዲያው ከውጭ ድምፃቸው ይሰማል። "ነቅላችኋል? ሁሉንም? የጓዳውንስ?" አንድ ጊዜ ቤሌ ከተማ ለቅሶ ሄደው ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጡ ዝናብ ጀመረ። ስልካቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ደብቀው ወደ ቤት ሲደውሉ፣ የሟች ወንድም ድንግጥ ብሎ "ደግሞ ማን ሞተ?" አላቸው።

"ማንም አልሞተም" አሉ ጋሽ ዱባለ። "እንዳይሞት ነው።"

ሰፈሩ በዚህ ሁሉ ይስቃል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለች ግን አይስቁም፤ ነገሩ ከየት እንደመጣ ያውቃሉ። ሴት ልጃቸው ብሩክታይት ገና ጨቅላ ሳለች፣ አንድ ከሰዓት መብራት ሄዳ በኃይል ተመለሰችና ፍሪጁ ተቃጠለ። ልጅቷ ከፍሪጁ አጠገብ ባለችው ክፍል ተኝታ ነበር። ጋሽ ዱባለ ከበር ሲደርሱ ቤቱ በጥቁር ጭስ ተሞልቷል። በእንብርክክ ገብተው፣ አልጋውን በእጃቸው ፈልገው፣ ሕፃኗን ደረታቸው ውስጥ ከትተው ወጡ። ልጅቷ ምንም አልሆነችም፣ እንዲያውም እንቅልፏን አልጨረሰችም ነበር። ከእንቅልፍ ጋር የተጣሉት እሳቸው ናቸው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ።

እንግዲህ ያቺ ጨቅላ ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ሆነች። ፈተናው ደግሞ በወረቀት ሳይሆን በኮምፒውተር ነው ተባለ። ብሩክታይት ጎበዝ ተማሪ ናት፤ ማውስ የያዘችው ግን ትምህርት ቤት ውስጥ ለዚያውም ከሁለት ልጆች ጋር ተጋፍታ ነው። ወይዘሮ አስካለች ለቤቱ አንድ ነገር ይግባ አሉ። ምን ይግባ? ኮምፒውተር ወይስ ታብሌት? ጋሽ ዱባለ ጎረቤታቸውን ኪሩቤልን አስጠሩ። ኪሩቤል ብሩክታይት በምትማርበት ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህር ነው።

"ጋሽ ዱባለ፣ ለንባብ ከሆነ ታብሌት ይሻላል" አለ ኪሩቤል። "ባትሪ አለው፣ መብራት ብትሄድም አይጠፋም። ለፈተናው ግን ማውስና ኪቦርድ እጇ መልመድ አለበት። ለዚያ ኮምፒውተር ነው።"

"እሱን ተወውና፣ የትኛው ነው የማይፈነዳው?"

"ሁለቱም አይፈነዱም።"

"የፈነዳው ሁሉ አይፈነዳም ሲባል የነበረ ነው" አሉ ጋሽ ዱባለ።

ለፈሪ ምድር አይበቃውም እንዲሉ፣ ያን ሳምንት ጋሽ ዱባለ ምድር ጠበበቻቸው። ስለ ታብሌት ሲያስቡ ባትሪው ትራስ ሥር ሲያብጥ ይታያቸዋል። ባጃጅ ውስጥ ሲነጠቅ ይታያቸዋል። ብርድ ልብስ ውስጥ ተደብቆ የማይታወቅ ጎረምሳ ከቴሌግራም ብቅ ሲል ይታያቸዋል። ስለ ኮምፒውተር ሲያስቡ ደግሞ የሚታያቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሽቦ። የኋላ ኋላ ለኮምፒውተሩ ፈረዱ። ምክንያታቸውም ይህ ነበር፦ "ኮምፒውተር ከባድ ነው፣ ሌባ ይዞት ሲሮጥ ሰው ያየዋል። ሳሎን ይቀመጣል፣ ማን ምን እንዳየ እናያለን። ሽቦውን ለእኔ ተዉት።"

ኮምፒውተሩ ገባ። የቤተክርስቲያን ሽማግሌዎች ተጠርተው ተጸለየበት። አንደኛው ሽማግሌ "ጌታ ሆይ፣ ከክፉ ሁሉ ጠብቀው" ሲሉ፣ ጋሽ ዱባለ ዓይናቸውን ሳይገልጡ "ከመብራትም" ብለው ጨመሩ። ኪሩቤል የመብራቱን ኃይል የሚያመጣጥን ስታቢላይዘር ይገዛ ብሎ ተገዝቶም ነበር። ነገር ግን ሲሠራ እንደ ንብ እምምም ይላል። ጋሽ ዱባለ ያን ድምፅ ሁለት ቀን ታግሠው በሦስተኛው ቀን ለመዘምራኑ የሙዚቃ ኪቦርድ ይሁን ብለው ለቤተክርስቲያን ሰጡት። ቤተክርስቲያንም በደስታ ተቀበለች።

ክረምት ነው። ሶዶ ላይ ከሰዓት ከሰዓት ዝናብ የማይዘንብበት ቀን የለም። ብሩክታይት ከምሳ በኋላ ኮምፒውተሩን ትከፍታለች፣ የልምምድ ጥያቄዎቹን ትጀምራለች፣ ዳሞታ ያጉረመርማል። ጋሽ ዱባለ ከየት መጡ ሳይባሉ ጠረጴዛው ሥር ናቸው። ድው፣ ስክሪኑ ይጨልማል።

"አባዬ፣ ልጨርስ ትንሽ ነበር የቀረኝ።"

"የቀረሽን ነገ ትጨርሺያለሽ። ነፍስሽን ግን ነገ አታገኚያትም።"

ልጅቷ መጀመሪያ ትጨቃጨቅ ነበር፣ ቀጥሎ አኮረፈች፣ በመጨረሻ ለመደች። ነጎድጓድ ሲሰማ አባቷ ሳይደርሱ ራሷ ጎንበስ ብላ ትነቅል ጀመር። ጋሽ ዱባለ ይህን ያዩ ቀን በኩራት እራታቸውን ጨርሰው ጨመሩ። "ልጄ ሰው ሆነች" አሉ ለወይዘሮ አስካለች።

የሞዴል ፈተናው ቀን ከሰዓት ላይ ኪሩቤል ብሩክታይትን ይዞ መጣ። ልጅቷ ዓይኗ ቀልቷል፤ ማንንም ሳታይ ወደ ጓዳ አለፈች። ኪሩቤል ቁጭ በል ቢባል አልቀመጥ አለ።

"ፈተናው ደህና እየሄደ ነበር" አለ። "ከዚያ ሰማዩ ነጎደ። ብሩክታይት ወንበሯን ገፍታ ወረደች፣ ጠረጴዛው ሥር ገባች፣ የሶኬት ማከፋፈያውን ነቀለችው። የእሷ ብቻ አይደለም፤ የመደዳው ሁሉ ኮምፒውተር ጠፋ።"

"ምን አስባ ነው?" አሉ ወይዘሮ አስካለች።

"ጠየቅኋት እኮ። 'አላሰብኩም፣ እጄ ነው' አለችኝ።" ኪሩቤል ወደ ጋሽ ዱባለ ዞረ። "ጋሽዬ፣ ይሄ ልምምድ ስለሆነ ነው የታለፈው። በዋናው ፈተና ቀን እንዲህ ብታደርግ ፈታኙ ሆን ብላ ረበሸች ነው የሚለው። ከክፍል ትወጣለች። የአሥራ ሁለት ዓመት ልፋቷ እዚያው ይቀራል።"

ጋሽ ዱባለ ክው አሉ። ብዙ ነገር ፈርተው ያውቃሉ፤ ይህ ግን አንድም ቀን ከፈሯቸው ነገሮች መሀል አልነበረም። ሽቦ ሲፈሩ፣ ባትሪ ሲፈሩ፣ ሌባ ሲፈሩ፣ ልጃቸውን ለመጠበቅ ያደረጉት ሁሉ ዞሮ ልጃቸው እጅ ላይ ተገኘ። ኪሩቤል ከሄደ በኋላ ላስቲክ በለበሰው ሶፋ ላይ ተቀምጠው ቀሩ። ወይዘሮ አስካለች አጠገባቸው መጥተው ተቀመጡ።

"አልወቅስህም" አሏቸው። "ግን አንተ ያወጣሃትን ልጅ አንተው መልሰህ እዚያ ጭስ ውስጥ አስቀምጠሃታል።"

በማግስቱ ኪሩቤል የራሱን ታብሌት አውሶ "እስከ ፈተናው ትያዘው" አለ። እውነት ለመናገር ቤቱ ሰላም አገኘ። ሌሊት ቻርጅ ይደረጋል፣ ቀን ይሠራል፤ መብራት ብትሄድ፣ ዳሞታ ቢጮህ፣ ታብሌቱ ወይ ፍንክች። ብሩክታይት ባዮሎጂዋንም ጂኦግራፊዋንም በእሱ ታነባለች። ጋሽ ዱባለ ሁለት ላስቲክ ካለበሱት በኋላ "ይሄ ዕቃ አስተዋይ ነው፤ ድሮም ይሄን ነበር መግዛት" እስከ ማለት ደረሱ። ኮምፒውተሩ ዳንቴል ለብሶ ጥግ ላይ ተረሳ። ጉዳዩ በዚህ ቢያልቅ እሳቸውም በወደዱ።

አላለቀም። አንድ ከሰዓት ልጅቷ ታብሌቱን ይዛ እያነበበች ሰማዩ ነጎደ። ዓይኗ ከንባቡ አልተነሳም። ቀኝ እጇ ግን ብቻውን ወረደና ከጠረጴዛው ሥር የሌለ ሽቦ ፈለገ፤ ዳበሰ፣ ዳበሰ፣ ሲያጣ ተመለሰ። ጋሽ ዱባለ ከበሩ ላይ ሆነው አዩ። ታብሌቱ ያስታገሠው የእሳቸውን ፍርሃት እንጂ የእሷን አልነበረም። ፈተናው ደግሞ የሚሰጠው በታብሌት አይደለም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሰማዩ ጠቆረ። ጋሽ ዱባለ ዳንቴሉን አነሡ፣ ጎንበስ አሉ፣ ኮምፒውተሩን በገዛ እጃቸው ሰኩት። ከዚያ ልጃቸውን ጠሩ።

"ክፈቺውና ጀምሪ።"

ብሩክታይት በመስኮቱ ወደ ዳሞታ አየች። "አባዬ፣ እየመጣ እኮ ነው።"

"አይቼዋለሁ። ጀምሪ።"

አጠገቧ ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ሁለቱንም እጃቸውን ከጭናቸው ሥር አስገቡና ተጫኑባቸው። ወይዘሮ አስካለች ጎደሬ መላጡን ትተው ከነቢላዋቸው ጓዳው በር ላይ ቆሙ። የመጀመሪያው ነጎድጓድ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። የልጅቷ እጅ ከማውሱ ላይ ዘለለ።

"ጥያቄውን አንብቢልኝ" አሉ ጋሽ ዱባለ።

"አባዬ አንተ ባዮሎጂ አታውቅም።"

"ስለማላውቅ ነው አንብቢልኝ ያልኩሽ።"

አነበበችላቸው። ስለ ቅጠል ነበር፣ ቅጠል ከፀሐይ ምን እንደሚያገኝ። ጋሽ ዱባለ አንዱን ቃል እንኳ አልሰሙም፤ ጆሯቸው ዳሞታ ላይ ነበር። ዝናቡ ወረደ፣ ሁለተኛው ነጎድጓድ መጣ፣ መብራቱ ድርግም አለ። ስክሪኑ ጠፋ።

የብሩክታይት እጅ እስከ ጠረጴዛው ጠርዝ ሄደ። እዚያ ቆመ። ጊዜ አለ፣ አሁን ቢነቅሉት ማንም አይወቅሳቸውም። ያ ጥቁር ጭስ አፍንጫቸው ውስጥ ያለ መሰላቸው። በልባቸው የቀረውን ጸሎት ሁሉ ጸለዩ። እጃቸውን ግን ከጭናቸው ሥር አላወጡም።

"ትመጣለች" አሉ በቀስታ።

"ትምጣ" አሉ ወይዘሮ አስካለች ከበሩ።

መጣች። አምፖሉ ከልክ በላይ ቦግ አለ፣ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ጧ የሚል ድምፅ ወጣ፣ አንዲት ቀጭን ጭስ ብቅ ብላ ጠፋች። የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ከዚያ ምንም የለም። ዝናቡ ይዘንባል።

ልብ አድርጉልኝ፤ ይህ ማንኛውም ነቃይ ዕድሜ ልኩን የሚጠብቀው ሰዓት ነው። ሰፈሩ ሁሉ የሳቀባቸው ጋሽ ዱባለ በምስክር ፊት፣ በገዛ ቤታቸው፣ ትክክል ሆኑ። ሌላ ሰው ቢሆን "አላልኳችሁም?" እያለ እስከ ዲምቱ ከተማ ድረስ በሄደ ነበር። እሳቸው ግን ተነሥተው ሽቦውን ከሶኬቱ ነቀሉ፣ ጭስ አለመኖሩን አረጋገጡ፣ ወደ ኮምፒውተሩ ግን ሁለተኛ አላዩም። የሚያዩት የልጃቸውን እጅ ነበር። ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነው።

ብሩክታይት የተቃጠለውን ሳጥን አየች፣ አሸተተች፣ ወደ አባቷ ዞረች።

"ይኸው ነው እንዴ አባዬ? ስንፈራው የኖርነው?"

ጋሽ ዱባለ የነቀሉትን ሽቦ ጠቅልለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

"ይኸው ነው" አሉ። "ሰኞ ኪሩቤልን ለምነን ትምህርት ቤት በማውስ ትለማመጃለሽ። አሁን ታብሌቱን አምጪው።"

አመጣችው። ወንበራቸውን ወደ እሷ ይበልጥ ሳብ አደረጉ፣ በሸሚዛቸው እጅጌ ፊታቸውን ጠረጉ፣ መነጽራቸውን አጠለቁ።

"በይ፣ ቅጠሉ ከፀሐይ ምን ያገኛል አልሽ?"