ያላለቀ ሁሉ ይጸዳል

[ሳሎን። ጡረታ የወጣ ባል ኮምፒውተር ላይ አፍጥጧል። ሚስቱ አጠገቡ ሹራብ ትሠራለች። ሌላ ከተማ ያለችው ልጃቸው አራስ ልጇን በቪዲዮ ልታሳያቸው ቀጥራለች።]

ባል፦ አልኩሽ እኮ! ቆሻሻው ነው እንዳይሠራ ያደረገው።

ሚስት፦ ትናንት ወልውዬዋለሁ።

ባል፦ የውስጡን ነው የምልሽ! ተጀምረው ሳይጠናቀቁ የቀሩ ፕሮግራሞች። አዲሱን መግቢያ አሳጥተውታል።

ሚስት፦ ብዙ ናቸው?

ባል፦ ጠዋት አንድ ነበር። አሁን ሰባት ደርሰዋል።

ሚስት፦ እያጸዳህ?

ባል፦ እያጸዳሁ!

ሚስት፦ [ክሯን እየፈታች] የቪዲዮ መደወያውስ?

ባል፦ እየተጫነ ነው። ሰማንያ በመቶ... ዘጠና... ይኸው ቆመ! አየሽው? ያልተጠናቀቀ! [ቁልፍ ይጫናል] አጠፋሁት።

ሚስት፦ ትንሽ ብትታገሠውስ?

ባል፦ ያልተጠናቀቀ ነገር እያየሁ ዝም አልልም። ሠላሳ ዓመት ቢሮ የመራሁ ሰው ነኝ።

ሚስት፦ እሱማ ነህ። አሁን ምን ልታደርግ ነው?

ባል፦ እንደገና እጭነዋለሁ።

ሚስት፦ እኔ መቼም አይገባኝም። እነዚህን ያላለቁትን የሚጀምራቸው ማነው?

ባል፦ እኔ።

ሚስት፦ ሳያልቁ የሚያጠፋቸውስ?

ባል፦ እኔ ነኛ! ሌላ ማን ይችላል?

ሚስት፦ እውነትህን ነው።

ባል፦ አታዘናጊኝ፣ ልትደውል ነው! የልጅ ልጄን ዓይን ሳላይ ሳምንት ሊሞላኝ... ዘጠና... አሁንም ቆመ! [ያጠፋል] በቃ፣ ይሄ ኮምፒውተር አርጅቷል።

[የሚስት ስልክ ይጮኻል።]

ሚስት፦ አቤት የኔ እናት! ... እሰይ፣ ዛሬማ ዓይኗን ገልጣለች! ... አይ፣ አባትሽ ገና እያጸዳ ነው።

ባል፦ [ቀና ብሎ] ታዪያታለሽ? በምንሽ?

ሚስት፦ በስልኬ ነዋ። ከተወለደች ጀምሮ።

ባል፦ ማን ጫነልሽ?

ሚስት፦ ማንም። አስጀምሬው ልብስ ላሰጣ ወጣሁ። ስመለስ አልቆ ጠበቀኝ።

ባል፦ ታዲያ አትነግሪኝም?

ሚስት፦ ነገርኩህ እኮ። «ስልክ ኮምፒውተር ለማያውቅ ሰው ነው» አልከኝ።

[ባል መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል። ወንበሩን ቀስ ብሎ ወደ ሚስቱ ያስጠጋል።]

ባል፦ ... ማንን ትመስላለች?

ሚስት፦ ቁርጥ አንተን። ጡጦዋን ጨርሳ አታውቅም፤ አጋምሳ ትተፋውና፣ «አዲስ አምጡ» ብላ ታለቅሳለች።