ሁለት የጎደሉ ምላሶች

ሰውን ከወንበር ማንሳት እንዴት እንደሚቀለን አስተውላችኋል? እጅ እናወጣለን፣ እናጨበጭባለን፣ አዲሱን እናስቀምጣለን፤ ከዚያ ሁሉ ነገር በማግስቱ እንዲስተካከል ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ካልተስተካከለ ጥፋቱ የአዲሱ ነው። የተነሳው ሰውዬ የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። እኔ የት እንደገባ አውቃለሁ፤ የተነሳሁት እኔ ነኝና።

የሰፈራችን እድር ሊቀመንበር ሆኜ አሥራ አራት ዓመት አገለገልኩ። አምና በድምፅ ብልጫ አወረዱኝና በቦታዬ አዲሱ የሚባል ሰው ተመረጠ። ስሙ ነው፤ አሽሙር አይደለም። አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ሥርዓት ያለው ገበሬ ነው፤ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ባርኔጣውን አውልቆ ምክር ይጠይቀኛል። እኔም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰዋስው ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝና ምክር አልነፍገውም። ሳይጠይቀኝም አልነፍገውም።

አሁን ወደ ሞተሩ ልውሰዳችሁ።

ከቡሬ ወጣ ብላ ባለችው ቀበሌያችን እኔና ባለቤቴ እንጉዳይ አንዲት ወፍጮ አለችን። ወፍጮዋን የሚያዞረው የጀልባ ሞተር ነው። አትሳቁ። ዕድሜውን ጣና ላይ የፈጀ ሞተር ነው፤ ጀልባው በስብሶ እሱ ጤነኛ ስለነበር ባሕር ዳር ድረስ ሄጄ አመጣሁት። እንጉዳይ የጭነት መኪናው ላይ ተጋድሞ ስታየው፣ "ባሕሩስ በሌላ መኪና እየመጣ ነው?" አለችኝ። ሞተር ያው ሞተር ነው፣ ባሕር ላይ ሆነ መሬት ላይ ምን ገዶት ብዬ አስረዳኋት። "ይሄ ምክንያት ውሃ አያነሳም" አለች።

ችግሩ ግን ሞተሩ ራሱ ውሃ የሚያነሳ መሆኑ ነበር። መኪና ውሃውን በሆዱ ይዞ ይዞራል። የጀልባ ሞተር ባሕር ላይ ተቀማጥሎ ያደገ ስለሆነ ከውጭ ቀዝቃዛ ውሃ እየጠጣ በሌላ በኩል ካልተፋ ይግልና ይሞታል። ስለዚህ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ወዳለው ጅረት ቱቦ ዘረጋንለት። ውሃውን የምትስብለት ከጎኑ ባለች ክብ የብረት ቤት ውስጥ የምትሽከረከር የጎማ ዕቃ ናት፤ መካኒካችን ፈንታሁን "ኢምፔለር" ይላታል። መዳፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ዙሪያዋን ስድስት የጎማ ምላስ አላት። እርጥብ እስከሆኑ ድረስ ምላሶቿ ሲያገለግሉ ይኖራሉ። ውሃ ሳያገኙ ከዞሩ ግን ከብረቱ ጋር ተፋጭተው ወዲያው ይቃጠላሉ።

ባለፈው ሐምሌ የአማቴ፣ የእንጉዳይ እናት፣ የአርባ ቀን ተዝካር እሑድ ሊወጣ ነው። ጤፉ ተነፍቶ በጆንያ ተደርድሯል፤ ሊጡ ለእሑድ እንዲደርስ ዱቄቱ ከሐሙስ ማለፍ የለበትም። ወንዙ ደግሞ ሞልቷል። ሰው በእንጨት ድልድዩ ይሻገራል እንጂ የተጫነ አህያ ወደ ቡሬ ወፍጮዎች አይሻገርም። ያለን የራሳችን ወፍጮ ብቻ ነው። እንጉዳይ "እናቴን በጎደለ ማዕድ አልሸኛትም" ብላ ነበር፤ እሷ አንድ ጊዜ ካለች አለች ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ጅረቱ ጭራሮና ሣር እያንጋጋ ስለመጣ ቱቦውን አውጥቼ ዳር አስቀመጥኩት። እህል ይዘው የመጡ ጎረቤቶች ስለ እድሩ ጠየቁኝ። ጠየቁኝ ልበል እንጂ የጀመርኩትስ እኔ ነኝ። አዲሱ የእድሩን ድስቶች በየቤቱ እንደበተናቸው፣ በእኔ ጊዜ አንዲት ማንኪያ ያለ ፈቃድ ንቅንቅ እንደማትል እያብራራሁ ሞተሩን አስነሳሁ። ቱቦው ዳር ላይ ነው። እኔ ወሬ ላይ ነኝ። መጀመሪያ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ፣ ቀጥሎ እንፋሎት መጣ፣ ቀጥሎ እንጉዳይ መጣች።

ፈንታሁን ረቡዕ ጠዋት ከቡሬ በእግሩ ደረሰ። ከአዊ ቤተሰብ ነው፤ ሞተር ሲሰድብ በአዊኛ፣ ሲያባብል በአማርኛ ነው። መለዋወጫ ኢምፔለር ሞተሩን ስገዛ አብሮ የመጣ ነበረን። የክዳኑን ብሎኖች ፈታ፣ የተቃጠለችውን በካቻቢቴ ፈልቅቆ አወጣና መዳፉ ላይ አድርጎ ምላሶቿን ቆጠረ። አራት ናቸው።

"ጋሼ፣ ሁለት ምላስ ጎድሏል" አለኝ። "ከውሃው ጋር ወደ ውስጥ ገብተው እንደሆነ የውሃ መንገዱን ፈትተን ብንፈልጋቸው ምን ይመስልዎታል?"

መንገዱን መፍታት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ደጁ ላይ ሰውና ጆንያ ተሰልፏል። "ተተፍተው ሄደዋል" አልኩት። "አሮጌዋ ወጥታለች፤ አዲሷን አስገባ።"

"እርስዎ ካሉ" አለ ፈንታሁን።

አዲሷ ጠባቧ ቤቷ ውስጥ እንድትገባ የሚያሟልጭ ነገር ያስፈልጋታል። ቅቤ አቀረብኩ። "በዕለተ ረቡዕ?" አለች እንጉዳይ። ሞተሩ አለመጠመቁን፣ ጾምም እንደማይመለከተው ላስረዳ ስዘጋጅ ፈንታሁን በሳሙና አረፋ ለቅልቆ፣ ምላሶቿን ወደ አንድ ጎን አስተኝቶ፣ እያዞረ አስገባት።

ቱቦውን ጅረቱ ውስጥ ከተትን። ሞተሩ ተነሳ፤ ውሃ ተፋ። ሰዉ አጨበጨበ፤ አዲሱ የተመረጠ ዕለትም እንዲሁ ነበር ያጨበጨበው። አንድ ጆንያ ሳናጋምስ የሚተፋው ውሃ ቀጠነ፤ እንፋሎቱ ተመልሶ መጣ። "ይቺ አዲሷ የማትረባ ናት" አልኩ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አዲስ ላይ ማሳበብ ለማንም አይከብድም።

እንጉዳይ ግን ወደ ፈንታሁን ዞረች። "'እርስዎ ካሉ' ስትለው እሺ ማለትህ ነበር?"

ፈንታሁን ካቻቢቴውን በጨርቅ መወልወል ጀመረ።

እኛ አገር ትልቅ ሰው "ተሳስተዋል" አይባልም፤ "እርስዎ ካሉ" ይባላል። የሰዋስው መምህር ሆኜ ይህ ጠፍቶኝ አይደለም። ለሌላው ሲባል ወዲያው ይገባኛል፤ ለእኔ ሲባል ግን መስማማት ይመስለኛል።

"የእናቴ ዱቄት ነው" አለችኝ። "እሱ የሚያውቀውን ይሥራ። አንተ ቁጭ በል።"

ቁጭ አልኩ። ከልቤ አፈርኩ።

ሐሙስ ጠዋት ፈንታሁን የውሃውን መንገድ ፈታትቶ ቱቦው በሚታጠፍበት ጉሮሮ ላይ ሁለቱን የጎማ ምላሶች ተደራርበው ተሰንቅረው አገኛቸው። አዲሷ ምንም አልነበረባትም። ውሃውን ትገፋለች፤ አሮጌዎቹ አያሳልፉም። እነሱ ሲወጡ ወፍጮዋ ሥራዋን ጀመረች፤ ሳይመሽ ጤፉ ተፈጭቶ አለቀ።

እሑድ ማለዳ አዲሱ የእድሩን ድንኳን አስጭኖ ከተፍ አለ። ባርኔጣውን አወለቀ። "ጋሼ፣ ድንኳኑን የት ብንተክለው ይሻላል?"

ከወፍጮ ቤቱ በታች ያለውን ሜዳ አሳየሁት። ሰፊ ነው፤ በእኔ ጊዜ የዚህ ሰፈር ድንኳን ከዚያ ሌላ ቦታ አያውቅም። አዲሱ ሜዳውን አየ፣ ሰማዩን አየ።

"እርስዎ ካሉ" አለ።

ክው አልኩ። ዓመቱን ሙሉ ሲለኝ የከረመው ይህንኑ ነው። ይጠይቀኛል፣ እመልስለታለሁ፣ "እርስዎ ካሉ" ይለኛል፣ ደስ ብሎኝ ቤቴ እገባለሁ፤ እድሩም ባለበት ይቆማል። ድስቶቹን በየቤቱ አስቀምጣቸው ያልኩትስ እኔ አይደለሁም? በአዲሱ ጉሮሮ የተሰነቀረው ማን እንደሆነ ለማወቅ መካኒክ አላስፈለገኝም።

"አንተስ የት ትላለህ?" አልኩት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለምላሴ እንግዳ ስለሆነ ሊያደናቅፈኝ ምንም አልቀረው።

ከፍ ያለውን ጓሯችንን መረጠ፤ እዚያው ተከለው።

ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው ሰዉ ማዕድ ላይ እንደተቀመጠ ያ የሐምሌ ዝናብ ወረደ። እኔ ያሳየሁት ሜዳ እንጀራው ለሁሉም ሳይዳረስ በውሃ ተሞላ። እንጉዳይ ትሪ እንደያዘች ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆማ ቁልቁል አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

"ባሕሩ መጣ" አለች። "ሞተርህን ጥራው።"

ሳቀች። እናቷን ከቀበረች ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። ሜዳውን የመረጥኩበት በቂ ምክንያት ነበረኝ፤ አሁንም አለኝ።

"አንቺ ካልሽ" አልኳት።