የምትረሳው ወፍና የሐጂ ከድር ዋይፋይ

ወዳጄ፣ እኔን የሚያህል የሚረሳ ፍጡር ያለ አይመስለኝም ነበር። የሚስቴ ስም ጠፍቶብኝ ሦስት ቀን «አንቺ» እያልኩ ከርሜ አውቃለሁ። ልጄ ሌንሴ ያንን ኮምፒውተር ይዛ ስትመጣ ግን አለቃዬን አገኘሁ።

ሰበታ ፋብሪካ ስትሠራ የገዛችው ነው፤ ያገለገለ። ሲከፈት ነጭ ደረት ያላት ጥቁር ወፍ ብቅ ትላለች። ሊኑክስ ይባላል አለችኝ። የወፏ ስም መስሎኝ ስንት ጠዋት «ሊኑክስ፣ እንዴት አደርሽ?» ብያታለሁ።

ዋይፋዩ የጎረቤታችን የሐጂ ከድር ነው። ቡራዩ ያለው ሱቃቸው ከእኔ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ዋይፋዩን ሲሰጡን አልሰሰቱም፤ የይለፍ ቃሉን ግን ለወለደቻቸው እናትም አይነግሩም። ራሳቸው መጥተው ነው የሚጽፉት። አጻጻፋቸውን ባየህ! ቤተሰቡ በሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እሳቸው ከትከሻቸው ፎጣ አውርደው እጃቸውን ይሸፍናሉ። ፎጣውን ወጥሮ የሚይዝ ሰው ደግሞ ያስፈልጋል። ማን ይያዝ? እኔ ነኛ! «ቶላ የፈረንጅ ፊደል አያውቅም፤ ቢያይም አላየም» ይላሉ። አለመማሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሹመት አስገኘልኝ።

ችግሩ ምን መሰለህ? መብራት በጠፋ ቁጥር ወፏ ትረሳለች። የእኛ ሰፈር መብራት ደግሞ በቀን አርባ ጊዜ ይጠፋል። አርባ ጊዜ ሐጂ፣ አርባ ጊዜ ፎጣ፣ አርባ ጊዜ ግድግዳ። ሚስቴ የግድግዳውን ስንጥቅ በቃሏ አጠናችው።

ሌንሴ ነገሩን አስረዳችኝ። «ኮምፒውተሩ አልረሳም እኮ አባኮ፤ ቃሉን ሳጥን ውስጥ ቆልፎት ነው። የሳጥኑን መክፈቻ የሚያውቀው ደግሞ የድሮው ባለቤት ነው» አለች። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ ቃሉ ሲጻፍ «ለሁሉም ተጠቃሚ» የሚል ቦታ አለ፣ እሱ ላይ ምልክት ካደረጉ ከሳጥኑ ውጭ ይቀመጣል። ይህን ለሐጂ ስትነግራቸው ፎጣቸውን ሰብስበው ተነሡ።

«ለሁሉም? አዲስ አበባ የገፈርሳን ግድብ እንደሚጠጣው ቡራዩ እኔን ሊጠጣኝ ነው?»

እዚህ ኮምፒውተር ላይ ለሚቀመጥ ብቻ ነው ብትል፣ ብትምል፣ ወይ ፍንክች!

እንዲህ እያልን ያ ማክሰኞ ደረሰ። ዱከም ያለ አንድ ፋብሪካ ሌንሴን በቪዲዮ ሊፈትናት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ቀጠራት። ከሰበታ ሥራዋን ከለቀቀች ወራት አልፈዋል፤ ሌላ የጠራት የለም። በሰዓቱ ያልተገኘ ይሰረዛል ብለዋታል። ሐጂ በጠዋት መጥተው ጻፉ፣ እኔም ፎጣዬን ያዝኩ፣ እሳቸው ሱሉልታ ለቅሶ ሄዱ።

ለአራት ሩብ ጉዳይ ሲሆን መብራት ብልጭ፣ ድርግም፣ እንደገና ብልጭ።

ወፏ ተመለሰች። የይለፍ ቃል ስጡኝ አለች።

የስልክ ዳታ እንዳትለኝ። እኛ ቤት ዳታ የሚገኘው ጣሪያ ላይ ወጥተህ በአንድ እግር ስትቆም ነው። ሐጂ ጋ ደወልኩ። ለቀስተኛ መሃል ነኝ ብለው አንሾካሾኩ። ፈቀቅ ይበሉ አልኳቸው፤ ባሕር ዛፉም ሥር ሰው አለ አሉ። በጽሑፍ ይላኩልን አልኳቸው፤ የተጻፈ አይጠፋም አሉ። «ቆዩኝ፣ መጣሁ!» ብለው ዘጉት። ከሱሉልታ ቡራዩ በሩብ ሰዓት! ንስር ኮንትራት ቢይዙ እንኳ ይደርሳሉ?

የሌንሴ ነጭ ሸሚዝ አንገቱ በላብ ራሰ። ዐሥር ደቂቃ ቀረ።

«ተነሺልኝ» አልኳት።

«አባኮ፣ አሁን የቀልድ ሰዓት ነው?»

ቀልድ አልነበረም። ሐጂ የሚጽፉት በአንድ ጣት ነው፣ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅመው። እኔ ደግሞ በወጣትነቴ ታክሲ ላይ ረዳት ነበርኩ። ፊደል ባላውቅ መስመር አውቃለሁ! ያቺ ጣት ፎጣው ሥር ስትጓዝ የፊደሉ ሰሌዳ ለእኔ አገር ነበር። ግራ ታች ሰበታ፤ ከፍ ሲል ቡራዩ፤ መሃል ላይ ሱሉልታ፤ ከሱሉልታ በላይ፣ ቁጥሮቹ ጋ፣ ጫንጮ፤ ቀኝ ታች ዱከም። በቀን አርባ ጊዜ አብሬ የተመላለስኩበት መስመር ይጠፋኛል?

በአንድ ጣቴ ከሰበታ ተነሣሁ። ቡራዩ ሁለቴ ቆምኩ። ሱሉልታ አንዴ። ወደ ዱከም ወረድኩ፣ ተመልሼ ጫንጮ ሦስቴ። ሌንሴ አስገባችው።

ስህተት ነው አለች ወፏ።

አራት ደቂቃ። ሚስቴ ማንም ሳያዛት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሌንሴ እንባዋ መጣ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ምን ቀረኝ? የት ሳልቆም አለፍኩ? ወዲያው ትዝ አለኝ! ሐጂ ከመነሣታቸው በፊት በግራ እጃቸው ትንሿ ጣት ጥግ ላይ ያለችውን ቁልፍ ይዘው ይቆያሉ። ረዳት ታክሲው እስኪነሣ በር እንደሚይዘው!

በሩን ያዝኩ። ከሰበታ ተነሣሁ፤ በሩን ለቀቅኩ። ቡራዩ፣ ቡራዩ። ሱሉልታ። ዱከም። ጫንጮ፣ ጫንጮ፣ ጫንጮ። ሌንሴ መጀመሪያ ያቺን «ለሁሉም» የምትለዋን ነካች፣ ከዚያ አስገባችው።

ገባ! እኔና እናቷ በእግር ጣታችን እየሄድን ወጣን። ከውስጥ የማላውቀው ሰውዬ «እንደምን አደሩ» ሲላት ሰማሁ፤ በር ላይ ተቀመጥኩ።

ሐጂ እያለከለኩ ሲደርሱ ፈተናው አልቆ ነበር። በገቡበት ቅጽበት መብራት ጠፍቶ መጣ። ወፏ ተነሣች፤ ማንንም ሳትጠይቅ ሄዳ ዋይፋዩ ላይ አረፈች። ሐጂ ወፏን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ፎጣቸውን አዩ።

ሌንሴ ይኸው ዱከም ሥራ ገብታለች። ወፏም ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን የይለፍ ቃል አንዴም ረስታ አታውቅም። ሐጂ ከድር ግን የዚያኑ ዕለት ቀየሩት።