ስብሐት ያልተባለበት ጉሉኮስ

እኔ የምለው፣ ሰው ጠርሙስ ሲሰቀልለት ምኑ ነው ደስ የሚለው? መርፌስ ደህና፤ ወግቶህ ይሄዳል። ጉሉኮስ ግን ጋደም ብለህ፣ ጠብ ጠብ ሲል አይተህ፣ ጎረቤትም መጥቶ አንተን አይቶህ ነው። ለካ ግማሹ ፈውስ መታየቱ ላይ ኖሯል!

ወረታ ላይ ይህን ነገር ያስለመደን አዳነ ድሬሰር ነው። ጦር ሜዳ የወታደር ቁስል ሲያሽግ ኖሮ ተመለሰና ከመንታ መንገዱ አጠገብ መድኃኒት ቤት ከፈተ። ሰው “ዶክተር” ይለዋል፤ እሱም አይደለሁም ብሎ አያውቅም። ለደከመው ቀዩን ቪታሚን በመርፌ፣ በጣም ለደከመው ጉሉኮሱን ከነቪታሚኑ በጠርሙስ። መጀመሪያ የሚመጣው በሽተኛ ነበር። ኋላ ጤነኛው በዛ። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀ መንበር እንኳ አውራጃ ላይ ንግግር ያደርግ ዘንድ ሲጠራ “ጉልበት ልሙላ” ብሎ ተሰቀለለት። ስብሰባው ላይም ፕላስተሩ እንዲታይ እጅጌውን ጠቅልሎ ነው አሉ “ወደፊት!” ያለው። አንዱ ገበሬማ የእርሻ በሬው ቢከሳበት ለበሬውም ይሰቀልልኝ ብሎ መጣ። አዳነ “በሬህን ሣር አብላው እንጂ!” ቢለው፣ “ምነው ዶክተር፣ ለሰው ጊዜ እንዲህ አላሉ?” አለው።

የኔን ጉድ ልንገራችሁ። የቁሐር ሚካኤሉ መሪጌታ፣ የኔታ ጥበቡ፣ የእናቴ ወንድም ናቸው። ፊደል ያስቆጠሩኝም እሳቸው። ዳዊት ሳልደግም ከእሳቸው ጠፍቼ አስኳላ ገባሁ፤ ሰባተኛን ሳልጨርስ ከአስኳላም ጠፍቼ መኪና ተራ ገባሁ። አሁን “ጎንደር! ጎንደር! ደብረ ታቦር!” እያልኩ ስጣራ እውላለሁ። የኔታ በዚያ ባለፉ ቁጥር “ድምፁስ የማኅሌት ነበር” ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ጊዜው የሰኔ ጾም ነው። እኛ “የቄስ ጾም” ብለን ለባለቤቶቹ የተውነው ጾም። የኔታ ደግሞ በጾም ቀልድ አያውቁም። “ማዕድ አንድ ጊዜ ነው! ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ አንድ ጊዜ!” እያሉ ነው ደቀ መዝሙር ሁሉ ያሳደጉት። በዚያ ላይ ወባ ጣለቻቸው። ወባዋ ለቀቀች፣ ጉልበታቸው ግን አብሯት ሄደ። የሰኔ ሚካኤል ዋዜማ ደረሰ፤ የኔታ ከመደብ መነሣት አቃታቸው። ማኅሌቱን ማን ይምራ? ግራ ጌታ ፈንቴ አለ። ምክትላቸውና የገዛ ተማሪያቸው ነው፤ የያዘውን የሚለቅ ሰው ግን አይደለም። አንድ ጊዜ ከመራ መሪጌትነቱ ሄደ ማለት ነው።

ባለቤታቸው እትዬ ማንጠግቦሽ “ያን ዶክተር ይዘህ ድረስ” ብለው ላኩብኝ። አዳነን በበቅሎ ጭኜ፣ ያን የፎገራ ጥቁር ጭቃ እያቦካሁ ደረስኩ። የኔታ ጠርሙሱን አገላብጠው አዩና ምርመራ ጀመሩ።

“ወተት ነክቶታል?”

“አልነካውም፣ የኔታ። ስኳርና ውኃ ነው። ቪታሚንም አለበት።”

“ታዲያ ምግብ ነው መድኃኒት?”

ኧረ መድኃኒት ነው ብትል ምን አለ፣ አንተ ሰውዬ! አዳነ ግን ዕቃውን ማሞገስ ለምዶበት “እንዴታ! ዋና ምግብ ነው እንጂ! በክንድ የሚገባ ምግብ!” ብሎ እርፍ።

“ምግብ ከሆነማ ዘጠኝ ሰዓት ይሁን” አሉ የኔታ። እኛም ቁጭ ብለን ጥላ እየለካን ጠበቅን። አትሳቁ። ሩዝ አገራችን የመጣ ጊዜ የወፍ ነው የሰው ብለን ስንከራከር አልነበር? ዘጠኝ ሆነ። የኔታ ጠርሙሱን በጸሎተ ማዕድ ባረኩት፤ ከበሮው ከሚንጠለጠልበት ኩላብ ላይ ተሰቀለ፤ ይንጠባጠብ ጀመር።

ይሄኔ ግራ ጌታ ፈንቴ “እንደምን ዋሉ” ብሎ ገባ። ለጥየቃ ነው ይበል እንጂ መቆማቸውንና አለመቆማቸውን ሊለካ ነው። የኔታ ባለጌ አይደሉም። ሰው ማዕድ ላይ ሲደርስ ምን ይባላል? ክንዳቸው እንደታሰረ ቀና አሉና፣

“እንብላ!” አሉት።

የፈንቴ ዓይን በራ። “ይባርክልዎ፣ የኔታ። እንግዲህ የዛሬውን ተመገቡ ማለት ነዋ!”

“ተመስገን” አሉ የኔታ። በገዛ አፋቸው ገቡለት! ፈንቴም ተደላድሎ ተቀመጠ፤ የሚነሣም አይመስል።

ጠርሙሱ አለቀ። አዳነ መርፌውን ነቅሎ ሲወጣ እትዬን ወደ ጓዳ ጠራቸውና “ይሄ ለጊዜው ማቆያ ነው እንጂ እህል አይሆንም። አሁን እህል ካልቀመሱ ነገ ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ወድቀው ነው የምታገኟቸው” ብሎ አንሾካሾከ። ቅድም “ዋና ምግብ” ያለው ማን ነበር?

እትዬ ሽሯቸውን ይዘው ወጡ። የኔታ ዓይናቸውን ከሽሮው ሳይነቅሉ “በልቻለሁ” አሉ።

“እውነታቸውን ነው” አለ ፈንቴ። “አንድ ጊዜ ብለው ያስተማሩን እሳቸው አይደሉ?”

እትዬ አልተቆጡም። ሌማቱን ቀስ አድርገው አስቀመጡና ወደ ኩላቡ አገጫቸውን ቀሰሩ። “ገበታው መቼ ተነሣ፣ የኔታ? ይኸው እንደተሰቀለ ነው። የገበታ ማንሻውን ስብሐትም አላደረሱ። ገበታ ሳይነሣ ወጥ ቢጨመር ሁለተኛ ማዕድ ይባላል እንዴ?”

የኔታ ጣራውን አዩ፤ ጠርሙሱን አዩ፤ ሽሮውን ሸተቱ።

“አንተ ፈንቴ፣ ስብሐት ስል ሰምተሃል?”

በሚካኤል ዋዜማ እንዴት ይዋሻል? “አል... አልሰማሁም፣ የኔታ።”

“እንግዲያማ፣ እንብላ!”

ፈንቴ እልህ ያዘው። “ይባርክልዎ” ብሎ አፉን ቆለፈ። አሁን ስብሐት ይላሉ ብሎ ደወል እስኪደወል የሰው አፍ ሲጠብቅ የራሱን ማዕድ ሳይቀምስ ቀረ።

በማግስቱ ታቦቱ ወጥቶ ወረቡ ሲደምቅ የኔታን ብታዩ! ያን ጭቃ እየረገጡ፣ መቋሚያቸውን እያነሱ እየጣሉ፣ ሴቱ እልል! ፈንቴ ግን ጉልበቱ ከድቶት መቋሚያውን አቅፎ ቁልቁል ሲንሸራተት ሁለት ሰው ደገፈው።

“ይሄ ጉሉኮስ!” አለ አገሩ ሁሉ። የአዳነ በር ተጨናነቀ። ከፊት የተሰለፈው ማን ይመስላችኋል? ፈንቴ! ተሰቀለለት፤ ሲመለስ ግን “የኔው ውኃ በዝቶበታል” እያለ ያማ ነበር። የሽሮውን ነገር ያነሣ የለም። እኔ ላነሣ ስል እትዬ “ዝም በል፣ አንተ! ጾሙ ገና ነው” አሉኝ።

የእትዬ ነገር የገባኝ አዳነ ባዶ ጠርሙሱን እንዳመጣለት የላከኝ ዕለት ነው። ኩላቡ ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። እጄን ስዘረጋ እትዬ “ገበታ አይነሣም!” ብለው እጄን መቱኝ። ከጠርሙሱ ሥር የኔታ ጉርሻቸውን ያላምጣሉ። ዘጠኝ ሰዓት የቀመሱት ማታም ይጨመርበታል። ምን ችግር አለው? ያው ገበታ ነው።

ሐምሌ አምስት፣ ጾሙ የተፈታ ዕለት፣ የኔታ ተነሡና ጠርሙሱን በገዛ እጃቸው አወረዱ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ስብሐት አደረሱ።

እንግዲህ አስቡት። ከሚካኤል ዋዜማ እስከ ጴጥሮስ ወጳውሎስ የኔታ የበሉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በፎገራ ከእሳቸው የጠነከረ ጿሚ አለ የሚል ይምጣ!