አፈ ጉባኤው ድምፁ የጠፋ ዕለት

በየሰፈሩ አንድ መንግሥት ጣይ አለ። ሰፈሩ እድር ይሁን የሻይ ክበብ፣ ብቻ ሦስት ሰው ተሰብስቦ አንዱን ሰብሳቢ የሚያደርግበት ነገር ይኑረው እንጂ ጣዩ አይጠፋም። ራሱ አይመረጥም፤ ምረጡኝም አይልም። ሥራው ዳር ተቀምጦ ጣት መቁጠርና ሰብሳቢው የሚወድቅበትን ቀን መናገር ነው።

ሮቤ ላይ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ጋሽ ኪዳነማርያም ናቸው። ጡረታ የወጡ የሥነ ዜጋ መምህር ናቸው፤ ከጎጃም «ለሁለት ዓመት» ብለው መጥተው ሠላሳ አንድ ዓመት ሞላቸው። ሰፈሩ «አፈ ጉባኤ» ይላቸዋል። እርሳቸውም ቅጽል ስም መሆኑን ከረሱ ቆይተው እንደ ሹመት ይዘውታል።

የዓለም ፓርላማ ሁሉ እርሳቸው ትራንዚስተር ሬዲዮ ውስጥ ነው የሚሰበሰበው። ጣልያን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ሰባ ያህል መንግሥት መለወጧን፣ ቤልጅግ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ያለ መንግሥት መክረሟን ፀጉራቸውን ሲቆረጡ ይተርካሉ፤ ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አንገታቸው ላይ አድርጎ እስኪጨርሱ ይጠብቃል። አንድ ሠርግ ላይ የሙሽራውንና የሙሽሪትን ወገን ግራና ቀኝ አይተው፣ «ጥምር ነው፤ ይወድቃል!» ብለው እጃቸው ተይዞ ከዳሱ ተወስደዋል። የመምህራን ሻይ ክበብ ኮሚቴ በአሥራ ሰባት ቀን ይፈርሳል ብለው በአሥራ አምስት ቀኑ ሲፈርስ ግን አልተደሰቱም። ሁለቷ ቀን የት ገባች እያሉ አንድ ሳምንት ተብሰለሰሉ።

ፍልስፍናቸው አጭር ናት። «መንግሥት በተቃዋሚ አይወድቅም። ተቃዋሚ መጮኽ ሥራው ነው። የሚጥልህ አጠገብህ የተቀመጠው ትንሹ አጋር ነው፤ እሱም በትልቅ ነገር እንዳይመስልህ። ሳትጠይቀው ስትቀር ነው።»

ይህችን ፍልስፍና አራት ዓመት ሙሉ ያሳፈረችባቸው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ የእድሩ ሰብሳቢ አዴ ሰቢሪና። ገበያው ዳር ጨርቅ ትሸጣለች። ኮሚቴዋ ዘጠኝ ሰው ነው፤ አራቱ ከነጋዴው ወገን፣ ሦስቱ ከመንግሥት ሠራተኛው፣ ሁለቱ ከሲናና ወረዳ ስንዴ ገበሬዎች። አራትና ሁለት ስድስት ሆነው ይመሩ ነበር። አፈ ጉባኤው በየዓመቱ ብድግ ብለው «የመተማመኛ ድምፅ ይሰጥ!» ይላሉ፤ እጅ ይቆጥራሉ፤ ስድስት ያገኛሉ፤ አዝነው ይቀመጣሉ።

«ጋሼ፣ ምን በድዬዎት ነው?» አለቻቸው አንድ ቀን ሱቋ ሲያልፉ።

«በግል ምንም። ሥርዓት ነው፣ ክብርት ሰብሳቢ። መተማመን በቁጥር መታወቅ አለበት።»

«እኛ አማና እንለዋለን። አደራ ነው። አደራ ደግሞ በጣት አይቆጠርም።»

«በጣት የማይቆጠር ነገር ይወድቃል» ብለው ባርኔጣቸውን አንስተው ሄዱ።

ታኅሣሥ ላይ ትንቢታቸው ሊደርስ ሆነ። የእድሩ ድንኳን ዘጠኝ ዓመት የኖረው ኦቦ ቶላ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ቶላ ከሁለቱ ገበሬዎች አንዱ ነው፤ ሌላው የሚያስበውንም እርሱ ነው የሚያስብለት። ታዲያ ሰቢሪና አዲሱ የስንዴ ምርት ሊገባ ነው፣ ቶላ ቦታ ይጠበዋል ብላ፣ ድንኳኑ ወደ ነጋዴው አሊዪ መጋዘን ይዛወር ስትል በእድሩ ቴሌግራም ላይ ጻፈች። አምስት ሰው የአውራ ጣት ምልክት አደረገ። አምስት ከዘጠኝ፣ ተወሰነ፤ ድንኳኑም በጋሪ ተጭኖ ሄደ።

ቶላ ያን ዕለት ማሳው ላይ ኮምባይነር ይጠብቅ ነበር። ስልኩ ደግሞ ባለ ቁልፍ ነው።

«ዘጠኝ ዓመት ከአይጥ ጠበቅኩት» አለ ሲመለስ። «በአውራ ጣት ወሰዱብኝ። የኔ ስልክ አውራ ጣት የለውም!» ብሎ ከሰቢሪና ጎን መውጣቱን መልእክት ላከባት።

ስድስቱ አራት ሆኑ። የሠራተኛው ወገን መሪ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህሩ ዘሪሁን፣ ወዲያው ስብሰባ ይጠራ አለ። ከስብሰባውም የከፋ ወሬ ተከተለ። ሰቢሪና ከወረደች በኋላ ሦስቱ ወገን የየራሱን እድር ያቋቁማል፤ ድንኳኑም ለሦስት ይከፈላል ተባለ።

ሰቢሪና እንቅልፍ አጣች። ወንበሩ አላሳሰባትም። ባሏ የሞተ ጊዜ ያ ድንኳን ግቢዋ ውስጥ ተተክሎ፣ ስሙን የማታውቀው መምህር ከቶላ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስላት አይታለች። ሰብሳቢነቱን የተቀበለችው ለዚያ ነው። አሁን ያ ድንኳን በእርሷ ዘመን መቀስ ሊገባበት ነው።

በስብሰባው ዋዜማ አፈ ጉባኤው ታመሙ የሚል ወሬ ሰማች። ጎባ ወዳጅ ሊጠይቁ ሄደው የመንገዱ ንፋስ ጉሮሯቸውን ዘግቶታል። አንድ ጣሳ የሪራ ጫካ ማር ይዛ ሄደች። በሩን ከፍተው ማሩን አዩና በሹክሹክታ፣ «ጉቦ!» አሉ።

«ጉቦ አይደለም። ሊጥለኝ የሚመጣ ሰውም ቢሆን ጉሮሮው ይዳንለት።»

ማሩን ተቀበሉ። በሩን ዘጉ።

እሑድ ጠዋት ሰፈርተኛው በሙሉ አሊዪ መጋዘን ደጅ ተሰበሰበ። ዘሪሁን ከረባት አስሮ መጣ፤ እንደዚያ ካሰረ ምን እንዳሰበ ይታወቃል። ቶላ ጋቢውን ጠቅልሎ ጀርባውን ለሰቢሪና ሰጥቶ ተቀመጠ። ሁሉም ወደ አፈ ጉባኤው ዞረ፤ ያለ እርሳቸው ቆጠራ ድምፅ ተሰጥቶ አያውቅምና። እርሳቸው ተነሡ፤ አፋቸውን ከፈቱ፤ ምንም አልወጣም። ሁለተኛ ሞከሩ፤ አሁንም የለም። ሕዝቡ ሳቀ፤ ሰቢሪና ግን መሳቅ አልሆነላትም።

አፈ ጉባኤው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ጡረታ ከወጡ በኋላም ጠመኔ ከኪሳቸው አይለይም። ወደ መጋዘኑ ቆርቆሮ በር ሄደው በዚያ በሚያምር የመምህር ጽሕፈት ጻፉ፦

«የጀርመን ደንብ፦ ተተኪውን በአብላጫ ያልመረጠ፣ ያለውን አያወርድም።»

«ትክክል ነው፤ እንዲህ ያለ ደንብ አለ» አለ ዘሪሁን ከረባቱን እያስተካከለ። ተተኪው ማን እንደሆነ አልተጠራጠረም። ደንቡ ያለ ክርክር ጸደቀ።

አፈ ጉባኤው ከሥሩ ጻፉ፦ «ማን ይተካ?»

ዘሪሁን ተጠቆመ። ሦስት እጅ። ቶላ ዞር ብሎ፣ «ይኼ ልጅ? እግሩ ማሳ ሳይረግጥ?» አለ። ቶላ ተጠቆመ። ሁለት እጅ። ዘሪሁን፣ «ቴሌግራም የሌለው ሰብሳቢ?» አለ። ሁለቱ ሰቢሪናን ረስተው እርስ በርስ ተያያዙ። አፈ ጉባኤው በሩ ላይ 3 እና 2 ጽፈው፣ ከጎኑ «የሚያስፈልግ፦ 5» ብለው አሰመሩና ጠመኔያቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

ያን ጊዜ ሰቢሪና ተነሥታ ቶላ ፊት ቆመች። «ዺፈማ፣ ኦቦ ቶላ» አለች በኦሮምኛ፣ ይቅርታ ስትለው። «አስቤልዎት ነበር፤ ግን ማሰብ መጠየቅ አይደለም። ማሳው ድረስ በእግሬ መምጣት ነበረብኝ።»

ቶላ ጋቢውን አላልቶ ወደ እርሷ ዞረ። «ድንኳኑ እዚሁ ይቀመጥ» አለ። «አሊዪ ከአይጥ መጠበቅ ይማር። ሌላ ጊዜ ግን ጥሩምባ ይነፋልኝ፤ ጥሩምባ በኔም ስልክ ይሰማል።» ወንበሩንም አንሥቶ ወደ ወትሮው ቦታው መለሰ።

ሰው ሲበተን ሰቢሪና አፈ ጉባኤውን ተከትላ ደረሰችባቸው። «ጋሼ፣ አራት ዓመት የጠበቁት ቀን ነበር። ደንብ ባይጽፉ ኖሮ ወድቄ ነበር እኮ። ማሩ ነው?»

በአሉታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እንደ ልጃቸው ሊያናግሯት ጠጋ ብለው፣ በዚያች በተረፈቻቸው ሹክሹክታ እንዲህ አሏት፦ «ዘመዶቼ ጎጃም ናቸው። የተከራየሁት የነጋዴ ቤት ነው፤ ክፉ ቀን ስንዴ የሚያስጭንልኝ ቶላ ነው፤ ያስተማርኩት ዘሪሁንን ነው። ድንኳኑ ለሦስት ቢቀደድ፣ አንቺ ልጅ፣ ለእኔ በየትኛው ቁራጭ ሥር ነው የሚለቀስልኝ? ቆጠርኩት፤ አልሞላልኝም።»

ሰቢሪና ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ማር በሞቀ ውኃ በጥብጣ ወሰደችላቸው።

በሚቀጥለው ስብሰባ፣ ገና ሰላምታ ሳያልቅ፣ ከወደ በሩ መጋዘኑን ያናጋ ድምፅ ተሰማ። «ጥምር ነው! ይወድቃል!»

«አልሐምዱሊላህ!» አለች ሰቢሪና ከልቧ። ዘሪሁን ሰብሳቢነቱን ልትለቅ ነው ብሎ ከረባቱን ነካ ነካ አደረገ።